ዕዳው ከገቢው ሲበልጥ፦ ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ ኪሳራ ሲመጣ ደረጃ በደረጃ የሚደረገው

ኪሳራ ሲባል አብዛኛው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው አሜሪካ ካለ ዘመዱ የሰማው ወይ ዩቲዩብ ላይ ያየው ነገር ነው። ሰውየው ፍርድ ቤት ሄደ፣ ባንክራፕሲ አወጀ፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳው ተሰረዘለት፣ ለተወሰነ አመት ስሙ ተበላሸ ከዛ እንደገና ጀመረ። እዛ ሀገር እውነት ነው፣ ቻፕተር 7 እና ቻፕተር 13 የሚባሉ ደሞዝተኛ ሳይቀር የሚገባባቸው መንገዶች አሉ፣ ቻፕተር 7 የገባ ሰው የክሬዲት መዝገቡ ላይ እስከ 10 አመት ይታይበታል። እኛ ሀገር ግን የኪሳራ ህግ የተፃፈው ንግድ ህጉ ውስጥ ነው፣ አሁን የሚሰራበት አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው፣ የ1952ቱን ንግድ ህግ የኪሳራ ክፍል የተካው እሱ ነው፣ የሚመለከተው ደሞ ነጋዴንና የንግድ ድርጅትን ነው። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሰራው ልጅ፣ ቀበሌ ያለው ሰራተኛ፣ እነዚህ ፍርድ ቤት ሄደው "ከስሬያለሁ ዕዳዬን ሰርዙልኝ" የሚሉበት ስርዓት የለም።

ይሄን መጀመሪያ ያነሳሁት ሰው ላስፈራ ብዬ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው "መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ያደርግልኛል" ብሎ ስልክ ዘግቶ ሲጠብቅ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ሰው የሚተርፈው ከፍርድ ቤት በፊት ባለው ጊዜ ነው፣ ቶሎ ቀርቦ፣ ሁሉንም ነገር በፅሁፍ አድርጎ፣ የትኛው ዕዳ ይቅደም የሚለውን አውቆ። ከዚ በታች ያለው በሙሉ እሱ ነው።

ደሞ እዚ ከተማ ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ገንዘብ አባካኝ ነው የሚል ወሬ ይነሳል፣ እኔ አልቀበለውም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሱቁና መጋዘኑ የተዘረፈበት ነጋዴ ዕቃው ሄደ እንጂ የዕቃው ብድር አብሮት አልሄደም። በዛው አመት ታህሳስ ላይ አጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ዕቃ የሚላክበት ዕድል) ተቋረጠ፣ ፓርኩ ውስጥ ወደ አሜሪካ በሚላክ ልብስ ላይ እንጀራቸውን የመሰረቱ ልጆች ነበሩ። በሐምሌ 2016 ደሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከመርካቶ በዱቤ ዕቃ የሚያመጣ ሰው በድሮው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ መተካት አቃተው። ስለዚ ዕዳ ውስጥ ያለ ሰው ካያችሁ መጀመሪያ አንገቱን ቀና ያድርግ፣ የሚቀጥለው ስራ ቀና ያለ ጭንቅላት ይፈልጋል።

መጀመሪያ፦ ሁሉንም ዕዳ አንድ ወረቀት ላይ

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ሰው የሚሸሸው ይሄንን ነው። አንድ ደብተር ውሰዱና ለእያንዳንዱ ዕዳ ይሄን ፃፉ፦ ለማን፣ ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ መጨረሻ የከፈላችሁት መቼ፣ ውሉ በፅሁፍ ነው ወይስ በቃል፣ መያዣ አለው ወይ፣ ዋስ አለው ወይ፣ ቼክ ሰጥታችኋል ወይ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሶስቱ ከብሩ መጠን በላይ ናቸው፣ ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ምሳሌ እንውሰድ፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው እንበል። ባንክ 600 ሺ አለበት ቤቱ መያዣ ነው፣ መርካቶ ላለ አከፋፋይ 250 ሺ አለበት ሁለት ቼክ ፅፎለታል፣ ዕቁብ ወስዶ 80 ሺ ይቀረዋል ዋሱ የሚስቱ ወንድም ነው፣ ግብር 35 ሺ፣ ከጓደኛው በቃል የተበደረው 50 ሺ። ይሄን ሰው "ከየትኛው ትጀምራለህ?" ብትሉት በየቀኑ የሚደውልበትን ጓደኛውን ነው የሚያስቀድመው፣ ምክንያቱም ጓደኛው ነው የሚያሳፍረው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የመጨረሻው አደገኛ ዕዳ እሱ ነው።

ከዕዳው ጎን ገቢውን ፃፉ፣ የቤት ወጪውን ፃፉ፣ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ መድሃኒት። ሳትዋሹ የሚተርፈው ስንት ነው? ያቺ ቁጥር ናት ከሁሉም ጋ የምትደራደሩባት። በወር 12 ሺ የሚተርፈው ሰው ለባንኩ 10 ለአከፋፋዩ 10 ብሎ ቃል ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላ ቃሉን ያፈርሳል፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚያምነው የለም።

ሁለተኛ፦ የትኛው ይቅደም

ቼክ ከሁሉም ይቀድማል። ሌላው ዕዳ ፍትሐብሔር ነው፣ ደረቅ ቼክ ግን ወንጀል ነው። የወንጀል ህጉ አንቀፅ 693 ላይ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ሆን ብሎ ቼክ የፃፈ ሰው እስከ 10 አመት ፅኑ እስራት ድረስ ሊቀጣ ይችላል፣ በቸልተኝነት የፃፈውም ቢሆን አይታለፍም። "ለመያዣ ነው የሰጠሁት፣ አታስገባው ተባብለናል" የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያምንበታል፣ ግን ቼክ በህጉ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፣ የወደፊት ቀን ቢፃፍበት እንኳ ባንክ ከቀረበ ቀረበ ነው። ስለዚ ለመርካቶው አከፋፋይ መጀመሪያ የምትደውሉት እናንተ ሁኑ፣ እሱ ባንክ ከመሄዱ በፊት። "ቼኮቹን መልስልኝ፣ በምትኩ የክፍያ ውል በፅሁፍ እንፈራረም፣ የመጀመሪያውን ይሄን ያህል ዛሬ ላስገባ" በሉት። አብዛኛው ነጋዴ የሚፈልገው ብሩን ነው፣ እናንተ ታስራችሁ እሱ የሚያተርፈው የለም። ቼኩ ሳይመለስ ግን ብር አትክፈሉ፣ ከከፈላችሁም ባንክ ለባንክ ይሁንና የምን ክፍያ እንደሆነ ይፃፍበት።

ከዛ ቤት የተያዘበት ዕዳ፣ ከዛ ግብር፣ ከዛ ዋስ ያለበት ዕዳ፣ ምክንያቱም ዋስ ያለበት ላይ የሚቃጠለው ሌላ ሰው ነው። መያዣም ዋስም ቼክም የሌለው ዕዳ መጨረሻ ይመጣል፣ አይከፈልም ማለቴ አይደለም፣ ይታገሳል ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ነጋዴ ከሆናችሁና ክፍያ ጭራሽ ያቆማችሁ ከሆነ፣ ጉዳዩም ወደ ኪሳራ ችሎት እየሄደ ከሆነ፣ አንዱን ባለገንዘብ መርጦ ብቻውን መክፈል ወይ ዕቃ ማውጣት በኋላ ሊፈርስ ይችላል። ከዛ ነጥብ በኋላ ያለ ጠበቃ ምንም አትንኩ።

ባንኩ ጋ፦ 90 ቀን ሳይሞላ

ብድር መከፈል ካለበት ቀን አልፎ 90 ቀን ሲሞላው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሰረት ጤናማ ያልሆነ ብድር ውስጥ ይመደባል። ከዛ በኋላ ባንኩ ለዛ ብድር መጠባበቂያ መያዝ አለበት፣ ጉዳዩም ከምታውቁት የብድር ሰራተኛ እጅ ወጥቶ ወደ ህግ ክፍል ይጠጋል። ስለዚ አንድ ወር እንዳትከፍሉ የሚያደርግ ነገር ሲመጣ በዛው ሳምንት ቅርንጫፉ ጋ ሂዱ፣ በአፍ ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ፣ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፒው ላይ ገቢ የተደረገበትን ቀንና ማህተም አስደርጉ። ደብዳቤው ረጅም አይሁን፣ እንደዚ ይበቃል፦

"የብድር ቁጥሬ ይሄ ነው። እስከ እንዲህ ያለው ወር ድረስ በአግባቡ ስከፍል ቆይቻለሁ። አሁን በዚህ ምክንያት ገቢዬ ቀንሷል (ማስረጃ አያይዣለሁ)። በወር ይሄን ያህል መክፈል እችላለሁ። የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምልኝና ለተወሰኑ ወራት ወለዱን ብቻ እንድከፍል እጠይቃለሁ። ለዚህም ማሳያ ዛሬ ይሄን ያህል አስገብቻለሁ።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ናት። ባዶ እጁን ሄዶ ጊዜ የሚጠይቅና ትንሽም ቢሆን አስገብቶ የሚጠይቅ ሰው እኩል አይታዩም።

ይሄ ሳይሆን ቀርቶ ባንኩ ወደ መያዣው ከሄደ ምን ይሆናል? አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በውሉ ላይ ከተስማማችሁ (የባንክ የመያዣ ውል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል፣ ውላችሁን አንብቡ) ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሀራጅ እንዲሸጡ ይፈቅድላቸዋል፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው መስጠት አለባቸው። ይቺን 30 ቀን ሰው የሚያጠፋት በድንጋጤና በልመና ነው። እኔ የምመክረው በራሳችሁ ገዢ መፈለግ ነው። ሀራጅ ላይ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከገበያ ዋጋው በታች ነው፣ እናንተ ግን ሸዋ በር ወይ ሆጤ ያለውን ቤታችሁን በሰላም ገዢ አምጥታችሁ "ባንኩ ባለበት እንሽጥ፣ ገዢው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ያስገባ፣ የተረፈው ለኔ" ብትሉ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ደስ ይለዋል፣ እሱም ሀራጅ ማውጣት ድካሙ ነው። ልዩነቱ ቤተሰባችሁ በሌላ ሰፈር ትንሽ ቤት የሚጀምርበት ብር ሊሆን ይችላል። በሀራጅም ከተሸጠ ከዕዳው የተረፈው የናንተ ነው፣ ጠይቁ። ከዕዳው ካነሰ ደሞ ባንኩ ቀሪውን በክስ ሊጠይቅ ይችላል፣ "ቤቴን ወሰዱ አበቃ" ማለት አይቻልም።

ይሄ ሁሉ መኪናም ላይ ይመጣል፣ ከአዋጅ 1147/2011 ወዲህ ደሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የሱቅ ዕቃ ሳይቀር፣ ብሔራዊ ባንክ ያለው መዝገብ ላይ ተመዝግቦ መያዣ መሆን ይችላል። የስልኩን ትንንሽ ብድር፣ ቴሌብር ላይ ያለውን መላና እንደኪሴ ምናምን፣ ትንሽ ስለሆነ አትናቁት፣ ቶሎ ዝጉት ይቅለላችሁ።

አራጣ

ስለዚ ነገር ለብቻው ማውራት አለብኝ፣ ሰው ከኪሳራ ወደ ጥፋት የሚሻገረው እዚ ጋ ነውና። ባንኩን ለመክፈል አራጣ የወሰደ ሰው አንድ ዕዳ ነበረበት ሁለት አደረገው። ሂሳቡን ተመልከቱ፣ 100 ሺ ብር በወር 10 ፐርሰንት ማለት በወር 10 ሺ፣ በአመት 120 ሺ ነው፣ ዋናው እንደቆመ። ፍትሐብሔር ህጉ ደሞ በግለሰቦች መካከል ባለ ብድር ወለድ በአመት ከ12 ፐርሰንት አይበልጥም ይላል፣ ያ ማለት ለ100 ሺ በአመት 12 ሺ። መጠኑ በፅሁፍ ካልተወሰነ ህጋዊው ወለድ 9 ፐርሰንት ነው። አራጣ በወንጀል ህጉም ያስቀጣል።

አበዳሪዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ወረቀቱ ላይ ወለድ አይፅፉም፣ ወለዱን ከዋናው ጋ ደምረው "220 ሺ ተበድሬያለሁ" ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋሉ፣ ከዛ የባሰው ደሞ "ቤቴን ሽጫለሁ" የሚል የሽያጭ ውል ማስፈረም ነው። እባካችሁ ለብድር ብላችሁ የሽያጭ ውል አትፈርሙ፣ ማንም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን። ቀድሞ የፈረመ ሰው ካለ የከፈለውን ማስረጃ በሙሉ ይሰብስብ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቴሌብር መልዕክት፣ የተፃፃፉት ቴክስት፣ ብሩን ሲቀበል የነበረ ሰው፣ ይሄን ይዞ ጠበቃ ጋ ይሂድ። ከዚ በኋላ በጥሬ ብር አትክፈሉ።

በነገራችን ላይ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በህጉ የሚረጋገጠው በፅሁፍ (ወይ ባለዕዳው ሲያምን ወይ በመሃላ) ነው። ይሄ የጓደኛን 50 ሺ ለመካድ የሚጠቅም መረጃ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት፣ ሀቅ ሀቅ ነው። ግን ያልወሰዳችሁትን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ይጠቅማችኋል።

ግብርና ንግድ ፈቃድ

ሱቅ ዘግቶ መጥፋት ትልቅ ስህተት ነው። ሮለሩን ስላወረዳችሁ ገቢዎች ስራ እንዳቆማችሁ አያውቅም፣ ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ግብሩ ይቆጠራል፣ ቅጣትና ወለድ ይደመርበታል፣ ከሁለት አመት በኋላ ሌላ ስራ ልጀምር ስትሉ ወይ ፈቃድ ላሳድስ ስትሉ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) አታገኙም። ስለዚ ሱቁን የምትዘጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ለገቢዎች ስራ ማቆማችሁን በፅሁፍ አሳውቁ፣ የቀረውን ዕቃ ቆጠራ አስደርጉ፣ ካሽ ሬጅስተር ካላችሁ በስርዓቱ አስመልሱ፣ ያልተጠቀማችሁበትን ደረሰኝ አስረክቡ፣ የመጨረሻ ግብራችሁን አሰርታችሁ ክሊራንስ ውሰዱ፣ ከዛ ንግድ ፅህፈት ቤት ሄዳችሁ ፈቃዱን መልሱ። አንድ ላይ መክፈል ካልቻላችሁ በክፍያ ስምምነት በየወሩ ለመክፈል ማመልከት ይቻላል። ግብር ከአብዛኛው ሌላ ዕዳ ቀድሞ የመከፈል መብት አለው፣ ንብረት መያዝም ይችላል፣ ለዛ ነው ሶስተኛ ላይ ያስቀመጥኩት። ሰራተኛ ከነበራችሁ ደሞ የሰራተኛ ደሞዝና ክፍያ በአሰሪና ሰራተኛ ህጉ ቅድሚያ አለው፣ ከህጉም በላይ ያቺ ልጅ የቤት ኪራይ አለባት።

ቤት ውስጥና ሰፈር ውስጥ

ለሚስታችሁ ወይ ለባላችሁ ዛሬ ማታ ንገሩ። ይሄ ምክር የፍቅር ብቻ አይደለም የህግም ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ህግ (አዋጅ 79/1995) ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ ከጋራ ንብረትም ከሁለቱም የግል ንብረትም ሊጠየቅ ይችላል። የአንዱ የግል ዕዳም ቢሆን የራሱ ንብረት ካልበቃ ወደ ጋራው ይሄዳል። ስለዚ "እሷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ያልነገርኳት" የሚለው ነገር መጥሪያው በሯ ላይ ሲለጠፍ ነው የሚያልቀው። በሌላ በኩል ደሞ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ መያዣ ሊሆን አይገባውም፣ እሷ ሳትፈርም ቤቱ ተይዞ ከሆነ ያ ነገር ፍርድ ቤት የሚያደርስ መብት ነው፣ ጊዜ ሳታባክኑ ጠበቃ አማክሩ።

ቤቱን በአጎት ልጅ ስም ማዞር፣ መኪናውን "ሸጥኩት" ብሎ ለወንድም መስጠት፣ ውሸት ፍቺ ማድረግ፣ ይሄን የሚመክር ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። አትስሙት። ባለገንዘቦች እነሱን ለመጉዳት የተደረገን ዝውውር ማስፈረስ ይችላሉ፣ ንብረት መደበቅ ደሞ ወንጀል ይሆናል፣ ዕዳ ብቻ የነበረበት ሰው ወንጀለኛ ይሆናል ማለት ነው።

ዋስ የሆነላችሁን ሰው ከባንኩ በፊት እናንተ ንገሩት። ዋስትና ሁለት አይነት ነው፣ ተራ ዋስ ከሆነ መጀመሪያ ባለዕዳው ይጠየቅ፣ ንብረቱ ይታይ ማለት ይችላል፣ በአንድነትና በነጠላ የፈረመ ዋስ ግን እናንተን ሳይነካ ቀጥታ እሱ ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው ምን እንደፈረመ አያውቅም፣ ውሉን አብራችሁ አንብቡት። ዋስትናው የብር መጠን ጣሪያ ካልተፃፈበት ፈራሽ ነው፣ ይሄንንም እዩ። በቡድን ብድር የወሰዳችሁ ከሆነ ደሞ ሁላችሁም ለሁላችሁም ዋስ ናችሁ፣ አንዱ ሲወድቅ ቀሪዎቹ ናቸው የሚሸከሙት፣ ስለዚ ቡድኑን ሰብስባችሁ ሀቁን ተናገሩ።

ዕቁብ ላይ ሰብሳቢውን ለብቻው አናግሩት፣ "ዕጣዬን በልቻለሁ፣ እንደ ድሮው በሳምንት መጣል አልችልም፣ በወር ይሄን ያህል ልጣል" ማለት ይቻላል፣ ዋሳችሁም እዛው ይኑር። ዕድር ግን አታቋርጡ። ሁሉ ነገር ሲጨልም ሰው መጀመሪያ የሚያቆማት ወርሃዊዋን የዕድር መዋጮ ነው፣ ትንሽ ብር ናት፣ ግን ሀዘን ቢመጣ ለብድር የማትሮጡባት እሷ ናት።

እኛ ወሎ ላይ ሽምግልና ዝም ብሎ ወግ አይደለም፣ ይሰራል። ሁለት የተከበሩ ሰው፣ አንድ ሸህ ወይ አንድ ቄስ ወይ ሁለቱም፣ ባለገንዘቡ የሚያከብራቸው፣ ይዛችሁ ሂዱ። "አያ እገሌ፣ ልጁ አልካደም፣ ጊዜ ስጠው" ሲባል ከጠበቃ ደብዳቤ የበለጠ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደሞ ዘካ ከሚገባቸው 8 ክፍሎች አንዱ ባለዕዳ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መስጊድ ላይ ማሳወቅ ውርደት አይደለም፣ አበዳሪም ቢሆን ለተቸገረ ሰው እስኪቀለው ጊዜ እንዲሰጥ ቁርአን (2፡280) ያዘዋል። ግን የሽምግልናው ስምምነት ሲያልቅ በወረቀት ይፃፍ፣ ስንት፣ በየስንት ጊዜው፣ ቼኩ ወይ ሰነዱ መቼ ይመለሳል፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት።

መጥሪያ ከመጣ

መጥሪያ አትሽሹ። ተከሳሽ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፣ ከሳሹ የጠየቀው በሙሉ ሊፈረድለት ይችላል፣ ያልተስማማችሁበት ወለድ ጭምር። ሳታውቁ ተፈርዶባችሁ ከሆነ ማወቃችሁን ተከትሎ በ1 ወር ውስጥ ይነሳልኝ ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ቀርባችሁ ደሞ ዕዳው እውነት ከሆነ መካድ ጊዜና የጠበቃ ብር ማባከን ነው፣ "ዕዳው አለ፣ በየወሩ ልክፈል" ብላችሁ ከከሳሹ ጋ ከተስማማችሁ ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ መዝግቦ ያፀድቀዋል፣ ከዛ በኋላ እሱም እናንተም ልታከብሩት ግድ ነው። ፍርድ ቤት እንደ ባለዕዳው ሁኔታ የችሮታ ጊዜም (ለመክፈያ የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ) ሊሰጥ ይችላል።

ከፍርድ በኋላ አፈፃፀም ሲመጣ ሁሉም ነገር አይወሰድም። የፍትሐብሔር ስነስርዓት ህጉ የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል፦ ለሙያችሁ የምትሰሩባቸው መሳሪያዎች (የልብስ ሰፊ ሲንጀር፣ የአናፂ መጋዝ)፣ ለገበሬ የእርሻ በሬው፣ ለቤተሰቡ ለ3 ወር የሚያስፈልግ ምግብ፣ ጡረታና ቀለብ። ከደሞዝም ሊቆረጥ የሚችለው እስከ ሲሶ ነው፣ አሰሪና ሰራተኛ ህጉም (አዋጅ 1156/2011) ከወር ደሞዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይላል። 9 ሺ የሚከፈላት የፓርክ ሰራተኛ ከ3 ሺ በላይ ሊቆረጥባት አይገባም። ከዛ በላይ ተቆርጦ ካያችሁ አፈፃፀም ችሎቱ ጋ ሄዳችሁ ተናገሩ።

"ታስራለህ" እያሉ የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉ። ሰው የውል ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ብቻ አይታሰርም፣ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀፅ 11 ይሄንኑ ነው የሚለው። የሚያሳስረው መክፈል እየቻሉ እንቢ ማለት፣ ንብረት መደበቅ፣ ደረቅ ቼክ ነው። ልዩነቱን ያዙት፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚሰጣችሁ ይሄ ነው።

ጠበቃ መክፈል የማትችሉ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰውም በነፃ ክስ ለመመስረት ማመልከት ይችላል።

ነጋዴ ከሆናችሁ፦ የንግድ ህጉ መንገድ

እዚ ጋ በር አለ። ህጉ ያስቀመጠው በደረጃ ነው፣ ክፍያ ገና ያላቆመ ግን ችግሩ እየመጣ እንደሆነ ያየ ነጋዴ ቀድሞ ከባለገንዘቦቹ ጋ ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበት አለ፣ ክፍያ ያቆመ ግን ስራው ሊድን የሚችል ነጋዴ መልሶ የማደራጀት ዕቅድ የሚያቀርብበት አለ፣ ሁለቱም ካልሆነ መክሰሩ ይወሰናል። ጉዳዩ የሚታየው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የመጀመሪያው ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ስራው በእጃችሁ እንዳለ ነው የምትደራደሩት። ይዛችሁ የምትቀርቡት የሂሳብ መዝገብ፣ የባለገንዘቦች ዝርዝር ከነመጠኑ፣ የንብረት ዝርዝር፣ ሰው ጋ ያላችሁ ዱቤ ዝርዝር ነው። መዝገብ ያልያዘ ነጋዴ እዚ ጋ ይቸገራል፣ ስለዚ ዛሬ ጤነኛ የሆናችሁም መዝገብ ያዙ።

መክሰር ሲወሰን የዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ የሚመጣው ይሄ ነው፦ ንብረታችሁን የምታስተዳድሩት እናንተ መሆናችሁ ያበቃል፣ ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ሰው ይረከባል። ገና ጊዜያቸው ያልደረሰ ዕዳዎች ሁሉ እንደደረሱ ይቆጠራሉ። ባለገንዘቦች በየግላቸው መክሰስና ማስያዝ ያቆማሉ፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይጠይቃሉ፣ እውነት ለመናገር ከሁሉም አቅጣጫ ለሚጎተት ሰው ይሄ እፎይታ ነው። መያዣ ያለው ከመያዣው ይወስዳል፣ ቅድሚያ ያላቸው ይከፈላሉ፣ የቀረው እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል።

የግለሰብ ነጋዴ ከሆናችሁ ሱቁና ቤቱ በህግ አይለዩም፣ የሱቁ ዕዳ ቤት ድረስ ይመጣል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሆነ ዕዳው የማህበሩ ነው፣ አሁን ባለ አንድ አባል ማህበርም ማቋቋም ይቻላል፣ ግን ለባንኩ በግላችሁ ዋስ ሆናችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ያ ጥበቃ ለዛ ብድር አይሰራም።

ከፍላችሁ ስትጨርሱ

ከውል የመጣ ዕዳ በመርህ ደረጃ በ10 አመት ይርጋ (ከዛ በኋላ በክስ የማይጠየቅበት የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፣ ግን በመሃል በፅሁፍ ካመናችሁ ወይ ከፊሉን ከከፈላችሁ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል፣ ስለዚ ይርጋን ተስፋ አድርጋችሁ አትኑሩ፣ የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ውስጥ ያለው መዝገባችሁ ሌላ ባንክ ስትሄዱም ይታያል። ስትጨርሱ እያንዳንዱን በወረቀት ዝጉ። ከባንኩ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልፅ ደብዳቤ ውሰዱ፣ የብድር መረጃው እንዲስተካከል በፅሁፍ ጠይቁ፣ የቤቱን ካርታ ኦርጅናሉን ተረከቡ፣ ባንኩ የመያዣ ማንሻ ደብዳቤውን ለመሬት ፅህፈት ቤቱ እንዲፅፍና እዛም ከመዝገቡ ላይ መሰረዙን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። ፍርድ የነበረበት ከሆነ አፈፃፀም መዝገቡ ላይ ተከፍሎ አልቋል ተብሎ እንዲዘጋና የወጣው እግድ እንዲነሳ አስደርጉ። ቼኮቹን ተቀብላችሁ ቀዳዳችሁ ጣሉ፣ ዋሳችሁን ደሞ ደብዳቤውን ኮፒ አድርጋችሁ ቤቱ ድረስ ውሰዱለት።